ያልዳ ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ ሰዎች ስም ሰምተን ዝም ማለት አይሆንልንም። የተዋወቅነውን ሰው እጅ ገና ሳንለቅ «ምን ማለት ነው?» እንላለን። አሜሪካዊው ብራያን እባላለሁ ብሎ መንገዱን ሲቀጥል፣ ብራያን ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ያስቆመው ወገን አለ? እሱ ራሱም አያውቀው። ባለማወቁም አንድ ቀን እንቅልፍ አላጣም። የእኛ ስም ግን ስም ብቻ አይደለማ! ግማሹ ምርቃት ነው፣ ግማሹ ስሞታ ነው፣ ግማሹ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነው። እናት ከጎረቤቷ ጋር ተኳርፋ ከወለደች፣ ልጁ የእሷን ኩርፊያ ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ይዞራል። በላቸው የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ እነማንን እንዲል እንደታዘዘ እስካሁን አልታወቀም እንጂ በሕይወቱ ዝንብ ገድሎ አያውቅም።

የእኔንም ስም ተመልከቱልኝ። ማንደፍሮ! አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ «ማን ደፍሮ ይነካዋል» ማለቱ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ይኸው እኔ ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ሆቴል ፓርኪንግ በር ላይ ተቀምጬ ቁልፍ ስቀበልና ስመልስ እውላለሁ፤ ያልደፈረኝ ባለመኪና የለም። አለቃዬ ማንዲ ይለኛል። ትርጉሙን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ባይጠይቀኝም ይሻላል። ቁልፍ ሰቅዬ «ማንም አይነካኝም ማለት ነው» ብለው ያምነኛል?

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ፣ ስሙ ከቤት ወጥቶ፣ ጎረቤት ተከትሎት፣ እኔ አያትየው ብቻ ከኋላ ስለቀረሁበት ጉዳይ ነው።

የምኖረው ሚድ ሲቲ፣ ከፒኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ፣ ብቻዬን ነው። ባለቤቴ ልደት ካረፈች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰው ሲሞትባችሁ ለቀስተኛው ብዙ ነገር ይነግራችኋል፤ በርታ ይላል፣ ሁላችንም ሟች ነን ይላል። አንድ ነገር ግን የሚነግራችሁ የለም። ስሟን የምትጠሩበት ምክንያት እንደሚያልቅባችሁ አይነግራችሁም። ባል የሚስቱን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ልብ ብሎት አያውቅም። ልደት፣ መነጽሬን አይተሻል? ልደት፣ ስልኩ ይጮኻል። ልደት፣ ይሄ ወጥ ጨው አልበዛበትም? ከዚያ አንድ ቀን ቃሉ ከአፋችሁ እንደ ጥርስ ይነቀላል፤ ምላሳችሁ ግን ቦታውን ስትፈልግ ትውላለች። ሰዉም ሲያነሣት «ባለቤትህ» ይላል፣ «ነፍሷን ይማር» ይላል እንጂ ልደት የሚል ጠፋ። ባዶ ቤት ውስጥ እኔው ልጥራት ብልማ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል።

እንግዲህ ልጄ ሜሮን ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሴት ናት ሲባል፣ እኔ ስሙን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ልደት። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? አንዲት ትንሽ ልጅ ሶፋ ላይ ስትዘል «ልደት፣ ውረጂ!» እላለሁ፤ «አቤት» ትለኛለች። ሌላ ከዚህ ዓለም የቀረኝ ምኞት አልነበረም።

ነገር ግን ደንብ አለ። በእኛ ዘንድ አያት ለልጅ ልጁ ስም ያወጣል፤ አክስትም ታወጣለች፣ የክርስትና እናትም ታወጣለች፤ ሕፃን ቢፈልግ አምስት ስም ይኖረዋል። ሆኖም አያት ዘሎ ገብቶ ስሙ ይኸውላችሁ አይልም። ይጠየቃል። «አባዬ፣ ስም አውጣላት» ሲባል፣ ትንሽ ያቅማማል፣ «እናንተው ብታወጡ ምናለ» ይላል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወራት ሙሉ ያዘጋጀውን ስም አሁን እንደመጣለት አድርጎ ይናገራል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠበቅሁ።

የሜሮን ባል ካምራን ኢራናዊ ነው፤ ሎንግ ቢች ውስጥ መነጽር ይሠራል። ስለ ልጁ ክፉ አልናገርም። ገና ስገባ ከመቀመጫው ይነሣል፤ በዚህ አገር ለሽማግሌ የሚነሣ አማች ያገኘ ሰው ዝም ብሎ ማመስገን ነው። ልጅቱ በጥቅምት፣ በጠራራ ቀትር ተወለደች። ሆስፒታል ሄጄ አቀፍኳት። ስሟን «እያሰብንበት ነው» አሉኝ። እኔም፣ በሉ እንግዲህ ጠይቁኝ በሚል ዓይን እያየኋቸው ወጣሁ።

ከቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት። «አባዬ፣ ያልዳ ብለናታል» አለችና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። የእሷ ዝምታ ምን እንደሚጠብቅ ያኔ አልገባኝም፤ የእኔው ዝምታ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። በመጨረሻ «ጥሩ ነው፤ እግዜር ያሳድጋት» አልኩና ሥራ ገባሁ ብዬ ዘጋሁት። ሥራ አልገባሁም። የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተቀምጬ ዋልኩ።

ወደ ማታ እንጀራ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ መንገድ ወጣሁ። እትዬ አስካለ ሱቅ የገባ ሰው እንጀራ ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ተመርምሮ ነው የሚወጣ። «አንተ ማንደፍሮ፣ ማን አሏት?» አለችኝ ገና ከበሩ። ያልዳ አልኳት። «ምን ማለት ነው?»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። አያት የልጅ ልጁን ስም ትርጉም አላውቅም ይላል? አላውቅም ካልኩ፣ አልጠየቁኝም ማለት ነው። አልጠየቁኝም ካልኩ፣ ፌርፋክስ ሁሉ እስከ ማግስቱ ማንደፍሮን ልጁ ጣለችው ሊል ነው። ስለ ፋርስ አገር የማውቀው ደግሞ ከመጽሐፈ ዳንኤልና ከመጽሐፈ አስቴር ያገኘሁትን ብቻ ነው፤ እሱም ወይ የአንበሳ ጉድጓድ ነው፣ ወይ የንጉሥ ግብዣ ነው። ከሁለቱ ግብዣው ይሻላል ብዬ «ንግሥት ማለት ነው» አልኳት። እትዬ አስካለ በርበሬውንና ሽሮውን ምስክር አድርጋ እልል አለች።

አንዱን ውሸት ከዋሹ ሁለተኛው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ፀጉሬን ልስተካከል ጌቱ ዘንድ ስገባ፣ «ጋሼ፣ ኮንግራ! ሶ፣ ስሟ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ንግሥት ልለው ከከፈትኩት አፌ መለስኩት። ጌቱ ንጉሥና ንግሥት ሲነሣ ደሙ የሚፈላ ልጅ ነው፤ ምላጭ በእጁ የያዘን ሰው ደግሞ ማስቆጣት ደግ አይደለም። «በፈረስ ተቀምጣ ጦር የመራች የጥንት ጀግና ሴት ናት» አልኩት። ማሽኑን አጥፍቶ፣ «ኦ ማይ ጋድ! ሴት ጄኔራል!» አለና ጭንቅላቴን በአክብሮት ቀጠለ።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ ጋሽ ተሰማ ያዙኝ። ጋሽ ተሰማ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ሁሉን ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ሚዛን ካልለኩ አይተኙም። «የልጅቱ ስም ለመሆኑ ክርስቲያናዊ ነው?» አሉኝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። «እንዴታ! የንግሥት አስቴር ደንገጡር ነበረች» አልኳቸው። «የትኛው ምዕራፍ ላይ?» አሉኝ። «በስም አልተጠቀሰችም» አልኩ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ ትሑት ብትሆን ነው አሉ።

ሜሮን ዘንድ ደውዬ ለምን አልጠየቅሁም? ጥሩ ጥያቄ ነው። በየማታው ስልኬን አነሣለሁ፤ ምን ማለት ነው ብላት፣ የሚቀጥለው ቃል «ለምን አልጠየቅሽኝም» ሊሆን ነው ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ሥራ ቦታም ኢራናውያን ሞልተዋል። አንድ ቀን አንድ ሽበታም ሰው ቁልፉን ሊወስድ ሲቀርብ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ያልዳ ማነች ቢለኝስ? የልጅ ልጄ ናት እላለሁ። ታዲያ ልጅህን አትጠይቅም ቢለኝስ? ቁልፉን ሰጥቼ መልካም ጉዞ ተመኘሁለት።

ሐሰት ስንቅ አይሆንም የተባለው እውነት ነው፤ መንገድ ላይ ያልቃል። እኔ ላይ ያለቀው ሎንግ ቢች ደርሼ ነው።

አራስ ሳትጠየቅ አትቀርም። እትዬ አስካለ ይህን ደንብ አስታወሰችን፣ ቅዳሜ ተቆረጠ። «ጋሼ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ አንተ አድሬሱን ብቻ ስጠኝ» አለ ጌቱ። ጋሽ ተሰማ ከፊት ተቀመጡ፣ እትዬ አስካለ የገንፎውን ዕቃ ታቅፋ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ሦስቱም አንዳንድ ነገር በከረጢት ሸፍነው ይዘዋል። ምንድነው ስላቸው «ታየዋለህ» ይሉኛል። መንገዱ ተዘጋግቶ ስንንፏቀቅ ሁሉም ተበሳጩ፤ እኔ ብቻ፣ አምላኬ ሆይ ትንሽ ጨምርበት እያልኩ እጸልይ ነበር።

ደረስን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለ፣ ሜሮን ተሳመች፣ ገንፎው ቀረበ። የካምራን እናት ፋሪባ ኻኑምም አሉ። ኻኑም ማለት እንደ እኛ ወይዘሮ ነው፤ እሳቸውም ወይዘሮነታቸው ከሩቅ የሚታይ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ከዚያ ከረጢቶቹ ተከፈቱ። እትዬ አስካለ የምታብረቀርቅ ትንሽ ዘውድ አውጥታ ሕፃኗ ራስ ላይ ደፋች። ጌቱ ከመኪናው ኋላ የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ ተሸክሞ መጣ። ጋሽ ተሰማ በፍሬም የገባች የንግሥት አስቴርን ሥዕል ከራስጌ አቆሙ፤ ከንግሥቲቱ ኋላ ውኃ ይዛ የቆመችውን ሴት በጣታቸው እያሳዩ «ይህቺ ልትሆን ትችላለች» አሉ።

ፋሪባ ኻኑም ዘውዱን አዩ፣ ፈረሱን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ። በትሕትና፣ በአገራችሁ ለአራስ ልጅ እንዲህ ነው የሚደረገው? ብለው ጠየቁ። እትዬ አስካለ ቀደም ብላ፣ ስሟ ንግሥት አይደል እንዴ አለች። ጌቱ «ኖ፣ ጀግና ማለት ነው» አለ። ጋሽ ተሰማ «የምን ጀግና፤ ደንገጡር ናት» አሉ። ከዚያ ሦስቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የኢራን ምንጣፍ ለምን ያን ሁሉ አበባና ሐረግ እንደሚደረግበት የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ያፈረ ሰው የሚያየው ነገር እንዳያጣ ነው።

ፋሪባ ኻኑም ትርጉሙን ነገሩን። ያልዳ የሌሊት ስም ናት፤ በታኅሣሥ የምትመጣው፣ ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ የምትረዝመዋ ሌሊት። ጌቱ ሲያስተረጉምላት እትዬ አስካለ አማተበች። «ሌሊት? ልጅን ያህል ነገር ሌሊት?» አለችኝ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ ይመስል። ፋሪባ ኻኑምም፣ ለእኔም ግር ብሎኛል አሉ። ይህን ስም የሚያወጣው ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም በዚያች ሌሊት ለተወለደች ልጅ። ይህቺ በጥቅምት፣ በቀትር የተወለደች ናት። ብነግራቸው ልጅህ እምቢ አለች፣ አሉኝ።

ሜሮን አየችኝ። አንድ ነገር እንድላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ለምን ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። እኔ ግን ወደ ምንጣፌ ተመለስኩ። ስንመለስ ጌቱ መኪናው ውስጥ ሬዲዮኑን ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ስሜ «የሌሊቱ አያት» ሆነ። በላቸው ሳይቀር አለኝ፤ ዕድሜ ልኩን የተጠራቀመውን በትር በእኔ ጀመረ። እኔም በዚያ ማለፍ ተውኩ። እንጀራ ሌላ ቦታ፣ ከመደርደሪያ ላይ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ የደረቀውን መግዛት ጀመርኩ። የሚመረምረኝ የለም፤ ከፍዬ እወጣለሁ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ግን የሚመረምረኝ ናፈቀኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ቀኑ አጠረ። ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል። ቤት ገብቼ መብራት አበራለሁ፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ላዩ ላይ ካለው የባለቤቴ ፎቶግራፍ ጋር እንተያያለን። ስልኬ ከጮኸ የመኪና ዋስትና የሚሸጥ ማሽን ነው፤ እሱ እንኳ ስሜን ግማሹን ጠርቶ ያቆማል። ብቸኝነት የሚባለው ነገር ሰው ማጣት ብቻ አይመስለኝም። የምትጠራው ስምም፣ ስምህን የሚጠራም ማጣት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢኖር ሰው ይገፋዋል።

አንድ ቀን የደወለው ግን ማሽን አልነበረም። ፋሪባ ኻኑም ነበሩ። የእሳቸውና የእኔ እንግሊዝኛ ሁለት አንካሶች ተደጋግፈው ገበያ እንደሚሄዱት ዓይነት ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። የፊታችን ቅዳሜ ያልዳ ናት አሉኝ። በዚያች ሌሊት ማንም ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ ጨለማው ስለሚረዝም ቤተሰብ አንድ ላይ ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ግጥም ይነበባል። ሥራ አለኝ አልኳቸው። ግድ የለም፣ አንተ ካልመጣህ ሁላችንም ያለህበት እንመጣለን፣ ደንቡ ነው አሉ። ሁላችሁም ስንት ናችሁ አልኳቸው። ከእህቶቻቸው ጀምረው መቁጠር ያዙ። ቤቴ ያለው ወንበር ሁለት ነው። እመጣለሁ አልኩ።

ድፎ ዳቦ ያስፈልገኝ ስለነበር እትዬ አስካለ ሱቅ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ለማን እንደሆነ ስነግራት፣ «ለንግሥቴ ነዋ!» ብላ ትልቁን አነሣችልኝ። ንግሥት አለመሆኗን ሎንግ ቢች ድረስ ሄዳ ሰምታለች። ግን ዘውዱን ገዝታለች፤ ዘውድ የገዛ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ አይለውጥም።

ሎንግ ቢች ደርሼ መኪና ማቆሚያ ስፈልግ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጠለቀች። ቤቱ ሞቅ ብሏል። በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሮማን ተፈልፍሎ ተቀምጧል፣ ለውዙ አለ፣ በታኅሣሥ ብርድ ሐብሐብ ተቆርጧል። ድፎው መሃል ላይ ተቀመጠ፤ የፋሪባ ኻኑም እህቶች እየተነሡ አሸተቱት። እኔን ትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ሕፃኗን ጭኔ ላይ አኖሯት። ዘውዷን አድርጋለች።

ፋሪባ ኻኑም ሮማን እየሰጡኝ፣ ስለዚህች ሌሊት እናታቸው ይሉት የነበረውን አጫወቱኝ። ከሌሊቶች ሁሉ ረጅሟ ናት፤ ግን ከነገ ጀምሮ ብርሃን በየቀኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ የጥንት ሰዎች ፀሐይ በዚህች ሌሊት ትወለዳለች ይሉ ነበር። ትወለዳለች የሚለውን ስሰማ ቀና አልኩ። ሜሮንን አየኋት። ያን ሁሉ ጊዜ ሳልጠይቀው የቆየሁት ጥያቄ ድንገት በገዛ ቋንቋው ወጣ።

«ሜሮንዬ፣ ያልዳ ማለት ምን ማለት ነው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ይሄን ጥያቄ ከጥቅምት ጀምሮ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

የነገረችኝ ይህ ነው። ስም ሲፈልጉ የእናቷን ስም ፈለገች። ግን ልጅቱ የሁለት ቤት ልጅ ናት፤ ፋሪባ ኻኑምም እንደራሳቸው አድርገው የሚጠሩት ስም መሆን አለበት። ካምራን ሲፈልግ ሲፈልግ ያልዳ ላይ ደረሰ። ቃሉ ከመነሻው የፋርሶች አይደለም። ሱርስት የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው፤ ክርስቲያኖቹ በፋርስ ምድር ሲኖሩ የጌታን የልደት በዓል በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። ፋርሶችም ወሰዱት፤ ፀሐይ ትወለድባታለች ለሚሏት ሌሊት ስም አደረጉት። ሱርስት ደግሞ ለግዕዝ የአጎት ልጅ ነው፤ ያልዳና ልደት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። «እማዬ ናት፣ አባዬ» አለችኝ። «ልደት ናት። ያን ቀን በስልክ ዝም ያልኩት ምን ማለት ነው ትላለህ ብዬ ነው። አንተ የሰው ስም ሰምተህ ሳትጠይቅ ቀርተህ ታውቃለህ? ሆስፒታል እንኳ የነርሷን ስም ትርጉም ጠይቀህ አስጨንቀሃታል! የእሷን ሳትጠይቅ ስትቀር፣ በቃ ስሙን ጠላው አልኩ።»

ፌርፋክስ ላይ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለሁሉም መልስ ሰጥቻለሁ። መጠየቅ የነበረበት አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የመመለስ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ሕፃኗን አየኋት። «ልደት» አልኩ። ከአራት ዓመት በኋላ ስሙ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ አልመስል አለኝ። ጮክ አድርጌ ደገምኩት። ሕፃኗ አዛጋች። «አቤት» ያለችው ሐብሐብ ልታመጣ ወጥ ቤት የገባችው ሜሮን ናት፣ ሳታስበው፣ ልክ በእናቷ ድምፅ። አለቀስኩ። የሮማኑ ጭማቂ ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩ። ፋሪባ ኻኑም ይህ ሮማን ዘንድሮ ሰውን አስቸገረ ብለው ሶፍት ሰጡኝ፤ አንዱንም ለራሳቸው ወሰዱ።

ሰኞ ማታ ፌርፋክስ ወጣሁ፤ ቀጥ ብዬ፣ ዋናውን መንገድ ይዤ። እትዬ አስካለ ሱቅ ውስጥ ጌቱም ጋሽ ተሰማም ነበሩ፤ እግዜር ሲያደላድል እንዲህ ነው። አሁን ስሙን በትክክል ልንገራችሁ ብዬ ጀመርኩ። ሱርስቱን ነገርኳቸው፣ የጌታን ልደት ነገርኳቸው፣ ግዕዙንና ግንዱን ነገርኳቸው፣ የልደትን ስም ጠራሁላቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ደመደምኩ።

ሦስቱም ተያዩ። ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አቶ ማንደፍሮ፣ የደንገጡሯ ይሻል ነበር» አሉኝ። ጌቱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ኦኬ፣ ይሄ አምስተኛው ሚኒንግ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥሩ ሰው የሚያናግሩበት ክሊኒክ አለ፣ እኔ ድራይቭ አድርጌ እወስድሃለሁ አለ። እትዬ አስካለ ትኩስ እንጀራ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ ልከፍል ብል እምቢ አለች። «ውሰድ የኔ ወንድም» አለችኝ። «ሰው ሁልጊዜ ብቻውን ሲውል ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ሦስት ውሸት ዋሽቼ ዘውድ፣ ፈረስና ሥዕል አስገኘሁ። አንድ እውነት ብናገር ታማሚ ተባልኩ። እንጀራዬን ይዤ ወደ ፒኮ ወረድኩ፤ ቤቴ ገብቼ መብራቱን ሳላበራ «ልደት፣ አላመኑኝም እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበው።

እትዬ አስካለ አልተሳሳተችም።